ከከላላ ለሁለት፦ ኪስ የማያራቁት የከተማ ጉዞ አመራረጥ

አራት ቀን እረፍት አግኝታችኋል እንበል። አንዳችሁ መምህር፣ ሌላችሁ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ትሆናላችሁ፤ ወይም ሁለታችሁም ገበሬዎች ሆናችሁ አውድማው ተነስቶ እህሉ ጎተራ ገብቷል። ልጆቹን አያቶቻቸው ዘንድ ትታችሁ፣ ለሁለት ብቻ ከወሎ ደጋ፣ ከከላላ ወይም ከመካነ ሰላም ወጣ ብላችሁ ከተማ አይታችሁ መመለስ አምሯችኋል። እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠየቀው "የቱ ከተማ ያምራል?" የሚለው ነው። ባሕር ዳር ጣና አለ፣ ሐዋሳም ሐይቅ አለ፣ ጎንደር ግንቡ አለ፣ አዲስ አበባማ ምን የሌለ አለ። ያማረውን ከተማ ሁሉም ያውቀዋል፤ ኪስ የሚያራቁተው ግን ከተማው ደጃፍ እስኪደረስ መንገድ ላይ የሚቀረው ቀን ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከአንድ ስሌት ይነሳል፦ የጉዞውን ጠቅላላ ወጪ ደምሩና ከተማው ውስጥ አብራችሁ በምታሳልፉት ሙሉ ቀን አካፍሉት። ለእናንተ ርካሹ ከተማ ይህ ቁጥር የሚያንስበት ነው፤ አልጋው የሚረክስበት ላይሆን ይችላል።

መንገድ ለብቻው ከሚሄድ ሰው ይልቅ ለባልና ሚስት የሚከብድበት ምክንያት አለ። የመኪና ወንበር ለሁለት ሰው ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል፤ አልጋ ግን ለሁለት አንድ ነው፤ ትሪውም አንድ ነው። ስለዚህ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ወጪያችሁ በእጥፍ ሲያድግ፣ ቆይታው ሲጨምር ግን የሚያድገው በዝግታ ነው። ቁጥሩን ለስሌት ያህል ብቻ እንውሰድና፣ ቅርብ ያለ ከተማ ደርሶ መልስ፣ አልጋና ምግብ ተደምሮ 9,000 ብር ቢፈጅ፣ ከአራቱ ቀን ሁለት ተኩሉ ለእናንተ ቢተርፍ፣ አንዱ ቀን 3,600 ብር ወጣበት ማለት ነው። ሩቁ ከተማ 13,000 ብር ፈጅቶ የሚተርፋችሁ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ፣ ያቺ አንዲት ቀን 13,000 ብር ሆናለች። እዚያ አልጋው በአዳር 300 ብር ቢቀንስ ይህን ልዩነት አይነካውም። የራሳችሁን ቁጥር አስገቡ፤ ታሪፉን ከመናኸሪያ፣ የአልጋውን ዋጋ በስልክ ጠይቃችሁ ወረቀት ላይ አስቀምጡት። በጭንቅላት የተሰላ ጉዞ ሁልጊዜ ይረክሳል።

የአውሮፓ ባልና ሚስት ዓርብ ከሥራ ወጥተው ክራኮው ወይም ቡዳፔስት ወይም ፖርቶ አድረው እሑድ ማታ ቤታቸው ሲገቡ በፊልም አይተን እንቀናለን። እነሱ የሚመርጡበት ዘዴ ግን ከላይ ከተነገረው አይለይም፤ ከበራቸው እስከ አልጋቸው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ቆጥረው፣ በርካሽ አየር መንገድ ሁለት ሰዓት በረው ይደርሳሉ። ዘዴው ይወሰዳል፣ ከተማው ግን አይወሰድም። ከእኛ ተነስቶ ወደ ሸንገን አገሮች ለሚሄድ የአዋቂ ሰው የቪዛ ማመልከቻ ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ 90 ዩሮ ነው፤ ለሁለት 180፣ ቢከለከሉም የማይመለስ። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና ኢንሹራንስ ይጠየቃል። በሚያዝያ 2016 የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን ባጠበቀው ደንብ ደግሞ በተለመደው 15 ቀን ፈንታ ውሳኔው እስከ 45 ቀን ሊዘገይ ይችላል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዩሮው ራሱ ምን ያህል እንደራቀ መንገር አያስፈልግም። አራት ቀን ለመዝናናት 45 ቀን ደጅ መጥናት በእኛ ስሌት ሲካፈል ምን እንደሚሰጥ አስቡት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከተማ መምረጥ ሳይሆን መውጫ መንገድ መምረጥ ነው። ከእነዚህ ደጋዎች ዋና ዋናዎቹ መውጫዎች ሦስት ናቸው፦ በአቀስታ አድርጎ ወደ ደሴ፣ በደጎሎ፣ በዓለም ከተማና በሙከጡሪ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ፣ እንዲሁም ወደ አባይ ወርዶ በግንደ ወይን በኩል ወደ ጎጃም። በካርታ ላይ ሁሉም መስመር ናቸው፤ በእውነት ግን በየሳምንቱ የሚለዋወጡ ነገሮች ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ሊዘጋ ይችላል፤ ይህን ሳይቆጥር የከተማ ምርጫ የሚመክር ጽሑፍ አንባቢውን ያሞኛል። መረጃ የሚጠየቀው ትናንት ያንን መንገድ ከመጣ ሾፌር ወይም ረዳት ነው፤ ሦስት ሰው ጠይቁ፣ ሦስቱም አንድ ካልተናገሩ ጉዞውን አዘግዩት። "መንገዱ ክፍት ነው ወይ?" ብቻ ብሎ ማቆምም አይበቃም። መኪናው ስንት ሰዓት ይነሳል፣ ቀጥታ ይሄዳል ወይስ መሃል ላይ ያቀያይራል፣ ማታ ከስንት ሰዓት በኋላ አይነዳም፣ የሚሉትን ጨምሩበት። መሃል ላይ ወርዶ ሌላ መኪና መያዝ ማለት ሁለተኛ ወረፋ፣ ሁለተኛ የዕቃ ክፍያ፣ አንዳንዴም ያልታሰበ አዳር ነው። ቀኑን የሚበላው ርቀቱ ብቻ አይደለም፣ ቅያሪውም ነው።

በዚህ ሚዛን ሲመዘን ለአራት ቀን ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው ደሴ ነው። ይህን ሲሰሙ ብዙ ሰዎች ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ ደሴ ሆስፒታል የምንሄድበት፣ ለክስና ለቀጠሮ የምንመላለስበት፣ ቆርቆሮና ሚስማር የምንገዛበት ከተማ ነው፣ ምን አዲስ ነገር አለው ይላሉ። ተቃውሞው እውነት አለው። ግን የሚያውቁት ደሴ ከመናኸሪያ እስከ ቢሮ ያለውን ነው። ደሴን ለብቻው አትውሰዱት፤ ደሴን፣ ሐይቅን እና ኮምቦልቻን አንድ ላይ እንደ አንድ ከተማ ያዙት። አንድ አልጋ ደሴ ይዛችሁ ሦስት አየር ትቀያይራላችሁ። አንዱን ቀን ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሐይቅ ከተማ ያለውን ሐይቅ ዳር አሳ ጥብስ በልታችሁ ውላችሁ ትመለሳላችሁ። ሌላውን ቀን የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ሞቅ ያለ አየር ትቀምሳላችሁ፤ ለደጋ ሰው ካፖርቱን አውልቆ በሸሚዝ ጥላ ሥር ቡና መጠጣት ራሱ ሽርሽር ነው። የቀረውን ለደሴ ስጡት፦ የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ አለ፣ ጦሳ ተራራ ከላይ አለ፣ ፒያሳና ሸዋ በር ያለ ጉዳይ ሲዞሩበት ሌላ ሰፈር ይመስላሉ። የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ጉዳት ደርሶበታልና ለእሱ ብላችሁ ቀን ከመመደባችሁ በፊት ክፍት መሆኑን አረጋግጡ።

ሐይቅ ላይ አንድ ነገር ለጥንዶች ሳይነገር አይታለፍም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት አትገባም። ጣና ላይም ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ እንዲሁ ናቸው፤ በዘጌ ያሉት ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ግን ወንድም ሴትም ያስገባሉ። ሥርዓቱን ማክበር ግድ ነው፤ ጥያቄው ቀድሞ ማወቁ ላይ ነው። ለሁለት የተከፈለበት ቀን ላይ አንዱ ገብቶ ሲሳለም ሌላዋ በር ላይ ሁለት ሰዓት ጥላ ፍለጋ ከቆመች ቀኑ ግማሹ ባከነ። ስለዚህ የሚታዩ ቦታዎችን ስትዘረዝሩ "ሁለታችንም እንገባበታለን?" የሚል ጥያቄ በእያንዳንዱ ስም አጠገብ ጻፉ። ለሙስሊም ጥንዶችም ጥያቄው ይሠራል፤ ግንብና ሙዚየም፣ ሐይቅና መናፈሻ ለሁሉም ክፍት ናቸው፣ የጸሎት ቦታ ግን እንደየእምነቱ ነው።

አዲስ አበባን የሚመርጡ ሰዎች የሚያቀርቡት ትልቁ መከራከሪያ "አልጋ አንከፍልም፣ ዘመድ አለን" የሚል ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፣ ምክንያቱም ብዙ ጥንዶች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ከወሎ ደጋ ተነስቶ ዘመድ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፤ ቅቤው፣ ማሩ፣ ጤፉ ይጫናል፣ ለጭነቱም ይከፈላል። ለልጆቹ ብስኩትና ሙዝ፣ ለቤቱ ስኳርና ቡና ይጨመራል። ይህን በገበያ ዋጋ ስታሰሉት ከሦስት አዳር የፔንሲዮን አልጋ የማይተናነስበት ጊዜ ብዙ ነው። ከብሩ በላይ ግን ቀኑ ነው የሚሄደው። አንዱን ዘመድ ጠይቆ ሌላውን መተው ቅያሜ ስለሚያመጣ ከአያት እስከ አስኮ ሲዞሩ ይውላሉ፤ ማታ እሱ ሳሎን ከወንዶች ጋር ዜና ሲያይ፣ እሷ ማድ ቤት ሽንኩርት ስትከትፍ ታመሻለች፤ አልጋውም አንዳንዴ እሱ ከወንዶቹ፣ እሷ ከሴቶቹ ጋር ነው። ዘመድ መጠየቅ ትልቅ ነገር ነው፤ ለሁለት የታሰበ ጉዞ ግን አይደለም። ሁለቱንም ከፈለጋችሁ ለዩት፦ መጀመሪያ ሁለት ቀን በራሳችሁ አልጋ፣ ከዚያ አንድ ቀን ዘመድ ቤት። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት "ምን ጎደለባችሁና ነው ሆቴል የምትሄዱት?" የሚለውን መልስ የሌለው ጥያቄ ትጋፈጣላችሁ።

አዲስ አበባ በስሌቱ የምታሸንፍበት ጊዜም አለ፤ ቢያንስ አምስት ቀን ሲኖራችሁና የዓለም ከተማው መንገድ ሲመች። ከተማዋ ውስጥ ዋናው ወጪ አልጋ ሳይሆን መመላለሻ ነው። አውቶቡስ ተራ አካባቢ ርካሽ አልጋ ይዞ በየቀኑ በራይድ ወይም በፈረስ ታክሲ ከተማ ማቋረጥ፣ መሃል ከተማ ትንሽ ጨምሮ ከመያዝ ይብሳል። የምታዩትን በሰፈር ሰብስቡት፦ ፒያሳ ላይ በየካቲት 2016 የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ ከዚያ በታክሲ ወደ አራት ኪሎ፣ እዚያ በ2012 የተከፈተው አንድነት ፓርክና የሉሲ ቅሪት የሚገኝበት ብሔራዊ ሙዚየም በእግር የሚያያዙ ናቸው። እንጦጦ ፓርክ ለብቻው ቀን ይፈልጋል። ለደጋ ልጅ ተራራና ባሕር ዛፍ ለማየት እንጦጦ መውጣት ምን ያህል እንደሚያስደንቅ ግን ራሳችሁ ፍረዱ፤ መካነ ሰላም አጠገብ በደንቆሮ ጫካ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ያለበት ብሔራዊ ፓርክ አላችሁ። ከተማ ስትሄዱ ቤታችሁ የሌለውን ፈልጉ።

ባሕር ዳር ከስድስት ቀን በታች አይመከርም። በግንደ ወይን በኩል ያለው መንገድ በሚመችበት ወቅት ስሌቱ ይሻሻላል፤ ካልሆነ ግን በደሴና በወልድያ ዞሮ በደብረ ታቦር መግባት ነው፣ እሱ ደግሞ ቀን ይጨርሳል። ከደረሱ በኋላ ለሁለት ሰው የሚጎዳው ጀልባ ነው፤ የሚከራየው በሰው ሳይሆን በጀልባ ስለሆነ ሁለት ሰው የአሥር ሰው ዋጋ ይከፍላል። ወደብ ላይ ሌሎች መንገደኞችን ጠብቃችሁ ተደባለቁ፣ ወይም የዘጌ ሰዎች የሚሳፈሩበትን ጀልባ ያዙ። ጢስ ዓባይን ለማየት ካሰባችሁ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ሂዱ፤ በበጋ ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚወሰድ ፏፏቴው ይሳሳል። የሐይቁ ዳር መንገድ በእግር ነጻ ነው፤ በ2016 የተመረቀው 380 ሜትር የአባይ ድልድይም ማታ ማታ የሚሄድበት ሆኗል። ጎንደር ከዚያ ሌላ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለዚህ ጉዞ ተዉት።

አልጋ ስትይዙ በስልክ አራት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የተነገረው ዋጋ ታክስና ሰርቪስ ያለው ነው ወይስ ይጨመርበታል፤ 15 በመቶ ቫትና የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመር ርካሽ የመሰለው ሆቴል ከጎረቤቱ ሊበልጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ ሻወሩ ክፍል ውስጥ ነው ወይስ በጋራ፣ ሙቅ ውኃስ አለ፤ ደሴ ላይ ይህ ቅንጦት አይደለም። ሦስተኛ፣ ከሥሩ መጠጥ ቤት ወይም ሙዚቃ አለ ወይ። አራተኛ፣ ስንት ሰዓት ይለቀቃል፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መኪና የሚይዝ ሰው መናኸሪያ አጠገብ ማደሩ ይጠቅመዋል፣ ግን ለመጨረሻዋ ሌሊት ብቻ። መታወቂያ ሁለታችሁም ያዙ። ምግቡ ላይ የባልና ሚስት ትልቁ ቁጠባ የእኛው ልማድ ነው፤ አንድ በያይነት ወይም አንድ ጥብስ ለሁለት አዝዞ እንጀራ ማስጨመር ማንንም አያሳፍርም። ሙስሊም ከሆናችሁ ደሴና ኮምቦልቻ የሙስሊም ምግብ ቤት ፍለጋ አያደክምም፤ አዲስ አበባ ግን ሰፈሩን አስቀድሞ ማወቅ ይጠይቃል፣ አልጋችሁንም እንደዚያው ምረጡ።

ጊዜውን መምረጥ ከተማውን ከመምረጥ እኩል ነው። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ መኪና ይጨናነቃል፣ ጭማሪ ይጠየቃል፣ ጥምቀት ለጎንደር፣ ገና ለላሊበላ አልጋ ያስወድዳሉ። ለገበሬ ደግሞ ከዚህ የባሰ ስውር ወጪ አለ። በጥር ለጉዞ ተብሎ የሚሸጥ ጤፍ ገበያው በእህል ሲሞላ በዝቅተኛ ዋጋ የሚሄድ ጤፍ ነው፤ ያው ጤፍ ክረምት ሲገባ ይወደዳል፣ ያን ጊዜ መልሶ ገዢ መሆንም አለ። የጉዞውን ወጪ ከጎተራ አታውጡት። ለበዓል ዋዜማ ከሚሸጥ በግ ወይም ዶሮ አውጡት፤ ለፋሲካ ይሁን ለአረፋ፣ ዋጋው ከፍ ባለበት ሳምንት የተሸጠ አንድ በግ ከወራት በኋላ ለሚደረግ ጉዞ በቴሌብር ተቀምጦ ሊጠብቅ ይችላል። በልግ የሚዘራበት ደጋ ካላችሁ የካቲትም ሥራ ነውና በራሳችሁ የእርሻ ቀን መቁጠሪያ አስቡ። ደመወዝተኞች የትምህርት ዓመቱ አጋማሽ እረፍት ላይ ቢያደርጉት መንገዱ ደረቅ፣ የሰርጉም ግርግር ያለፈ ይሆናል።

"ይህ ሁሉ ገንዘብ ለሽርሽር? ኑሮ እንዲህ ተወዶ?" የሚል ይኖራል፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ አዲስ ወጪ አትፍጠሩ ነው። ከእነዚህ ወረዳዎች ሰው በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ለሕክምና፣ ለማስረጃ ወይም ለሰርግ ከተማ መሄዱ አይቀርም፤ የአንዳችሁ ታሪፍ ያን ጊዜ ተከፍሏል ማለት ነው። የሚጨመረው የሌላኛው ወንበርና ሁለት አዳር ብቻ ነው፣ ስሌቱም ወዲያው ይወርዳል። ጥንቃቄ የሚያሻው ግን ጉዳይ ቀን እንዳይበላ ነው፤ የቢሮ ጉዳይ መጨረሻው አይታወቅም። ሐሙስና ዓርብን ለጉዳዩ፣ ቢሮ የሚዘጋባቸውን ቅዳሜንና እሑድን ለራሳችሁ አድርጉ። ዓርብ ያላለቀው ለሰኞ ይቀጠራል እንጂ ቅዳሜን አይነካም።

ከመውጣታችሁ በፊት የመልሱን ታሪፍ ለሁለት ሰው ከሌላው ገንዘብ ለዩና አንዳችሁ ብቻ ያዙት፤ ሌላኛው የወጪውን ይያዝ። ሁለቱ አንድ ቦርሳ ውስጥ አይግቡ። ከፈቃዳችሁ ቀን አንዱን ሳትነኩ ለመንገድ መዘግየት አስቀምጡት፣ ቤት ከደረሳችሁ በኋላ ከተረፈ ልብስ ታጥቡበታላችሁ። የመመለሻውን ወንበር ደግሞ ከምትመለሱበት ቀን በፊት ባለው ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ሄዳችሁ ያዙ፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ለሁለት ሰው ጎን ለጎን ወንበር አይገኝም፣ አንዱ ጋቢና፣ አንዷ የኋላ ወንበር ላይ ሆናችሁ እስከ ከላላ ድረስ ሳትነጋገሩ ትመጣላችሁ።